ከካርቲየ 7 ቢስ እስከ ኦቦክ

የጅቡቲ ከተማ ነዋሪ አብዛኛውን ጊዜ ሰፈሩን የሚጠራው በቁጥር ነው። ፈረንሳዮች ከተማይቱን በቈረቈሩ ጊዜ ለራሳቸው መኖሪያ የመረጧቸውን ከፍ ያሉ ቦታዎች በስም ሲጠሩ፣ የአገሩ ተወላጅና ከየአቅጣጫው ለሥራ የመጣው ሕዝብ የሰፈረባቸውን ዝቅተኛ መንደሮች ግን በተራ ቁጥር አለፏቸው። ካርቲየ አንድ፣ ካርቲየ ሁለት እየተባለ እስከ ሰባት ይቈጠራል። ከሰባተኛው ጋር ተያይዞ ያደገው መንደር ደግሞ ካርቲየ 7 ቢስ ይባላል። «ቢስ» በፈረንሳይኛ «ድጋሚ» እንደ ማለት ነው። አማርኛ ተናጋሪ ግን ስሙን መጀመሪያ ሲሰማ ግር ይለዋል፤ በእርሱ ቋንቋ ገደ ቢስ፣ መላ ቢስ፣ ጠዋሪ ቢስ ሲባል የጎደለ ነገር አለና።

ከደቡብ ወሎ፣ ከኮምቦልቻ አጠገብ የመጡት እናትም ልጃቸው የሚኖርበትን ሰፈር ስም በሰሙ ጊዜ ያሉት ይህንኑ ነበር።

«ሰባት ቢስ? ምን የሌለው ሰባት?»

ልጃቸው ሣቀ። እርሳቸው ግን አልሣቁም።

በዚያ ሰፈር ያሉት ቤቶች ገሚሶቹ በብሎኬት፣ ገሚሶቹ በጣውላና በቈርቈሮ የተሠሩ ናቸው። መንገዱ ጠባብ ስለሆነ ከአንዱ ቤት የሚፈላው ቡና ሽታው ለሦስት ቤት ይዳረሳል። ከሰኔ እስከ ነሐሴ ካምሲን የተባለው ደረቅ ነፋስ አቧራ ይዞ ሲነሣና ሙቀቱ ከ40 ዲግሪ በላይ ሲወጣ፣ በቈርቈሮ ቤት ውስጥ መተኛት የማይታሰብ ነው፤ ሰው አልጋውን ወደ ውጭ እያወጣ በደጁ ያድራል። በሰፈሩ ሶማሊኛ፣ አፋርኛ፣ ዐረብኛና አማርኛ በአንድ ሱቅ ደጃፍ ላይ ይሰማሉ። ሕፃናቱ ሁሉንም እየቀላቀሉ ሲጣሉ ፈረንሳይኛውን የሚያወጡት ለስድብ ነው። እናቲቱ የደረሱት በታኅሣሥ ወር ስለ ነበረ፣ እንደ ዕድል ሆኖ፣ አየሩ ለደገኛም የሚቻል ነበር።

የመጡትም በባቡር ነው። ከጅቡቲ የተነሣው የቀድሞው የምድር ባቡር ሐዲድ አዲስ አበባ የገባው እ.ኤ.አ. በ1917 ሲሆን፣ ዛሬ ሰውና ዕቃ የሚያመላልሰው እ.ኤ.አ. በ2016 የተመረቀው በኤሌክትሪክ የሚሠራው አዲሱ መሥመር ነው። መንገደኛው ናጋድ ከተባለው ጣቢያ ሲወርድ የሚቀበለው እርጥብ፣ ጨው ጨው የሚል አየር ነው። ልጃቸው በወደቡ ላይ የትራንዚት ሠራተኛ ነበረ። ለኢትዮጵያ የሚሄደውን ስንዴ፣ ማዳበሪያና ብረት በወረቀት እየተከታተለ ከመርከብ ወደ መኪና ማሸጋገር ከጀመረ ዐሥራ አንድ ዓመት ሆኖታል። ከኢትዮጵያ የውጭ ንግድ ዕቃ ከ90 በመቶ የማያንሰው በዚህ ወደብ ያልፋል ይባላል፤ ስለዚህ በኮምቦልቻ ሱቅ ተሸጦ እናቲቱ ቤት ከገባው ነገር ውስጥ በልጃቸው እጅ ያላለፈ ጥቂት ነው ቢባል ማጋነን አይሆንም።

እናቲቱ ለዘመድ አዝማዱ የነገሩት «የልጅ ልጄን ልይ» ብለው ነው። ይህ እውነት ነው፤ ነገር ግን ሙሉው አይደለም። ታላቁን ልጃቸውን ወደ አገሩ ይዘውት ሊመለሱ ቈርጠው ነበር የመጡት። መሬቱ ጦም እያደረ ነው፤ እርሳቸውም አርጅተዋል። ከሁሉ በላይ ግን ባሕር የሚባለውን ነገር ፈርተውታል። ታናሹ ልጃቸው ከሦስት ዓመት በፊት፣ የዐሥራ ሁለተኛ ክፍል ትምህርቱን ሳይጨርስ፣ ከሰፈር ልጆች ጋር በበረሃ ወጥቶ ሄደ። ከኦቦክ ለወንድሙ አንድ ጊዜ ደወለ። «ነገ ማታ እንሻገራለን፤ ለእማዬ አሁን አትንገራት» አለ። ከዚያ ወዲህ ድምፁ አልተሰማም። ታላቁ ግን ለእናቱ፣ «ደርሷል፤ ሳዑዲ ውስጥ ከከተማ ርቆ በግ ይጠብቃል፤ ስልክ አያገኝም» ሲላቸው ኖረ። በየበዓሉም ከራሱ ደመወዝ ቀንሶ «ታናሽዬ የላከልሽ ነው» እያለ ይልክላቸው ነበር።

እናቲቱ በመጡ በሦስተኛው ቀን፣ «በል እንግዲህ ባሕሩን አሳየኝ» አሉት።

መጀመሪያ የወሰዳቸው በከተማው ዳር ወዳለው፣ ሲየስታ ወደሚባለው ዳርቻ ነው። ባሕሩ በዚያ ሰዓት ሸሽቶ ነበር። ውሃው በጣም ከመራቁ የተነሣ ያዩት ጭቃማ ሜዳ፣ በሜዳውም ላይ ኳስ የሚጫወቱ ልጆችና ምግብ የሚለቅሙ ወፎች ነበሩ። «ይኸ ነው?» አሉ እናቲቱ። ማዕበል በቀን ሁለት ጊዜ እንደሚመጣና እንደሚመለስ፣ ይህም ከጨረቃና ከፀሐይ ስበት የተነሣ መሆኑን ልጃቸው ሊያስረዳቸው ሞከረ። እርሳቸው ግን የሚሄድና የሚመለስ ነገር ሐሳባቸውን ወደ ሌላ ወስዶት ስለ ነበረ ብዙም አላዳመጡትም።

ስለዚህ ልጁ እውነተኛውን ባሕር ሊያሳያቸው አሰበ። በአንድ ዓርብ ጠዋት፣ የሰባት ዓመት ልጁንና የቤቱን ባለቤት አፋር ጎረቤታቸውን ጨምሮ፣ ኤስካል ከሚባለው የጀልባ ማቆሚያ ወደ ሙሻ ደሴት ተነሡ። ጎረቤቲቱ የተወለዱት በኦቦክ ሲሆን፣ ለብዙ ዓመታት አማርኛ ተናጋሪ ተከራይ ሲያስተናግዱ አማርኛውን ለምደውታል። ከእናቲቱ ጋር የተግባቡት ግን በቋንቋ ብቻ አልነበረም፤ ባንድነት ሰግደው ባንድነት ቡና የጠጡ ሴቶች ብዙ ማስረዳት አያስፈልጋቸውም።

ጀልባዋ ከዳር ስትርቅ ከተማይቱ ቅርጿን ታሳያለች። በምድር ላይ ሲሄዱባት አንድ ወጥ የምትመስለው ጅቡቲ፣ ከባሕር ሲያዩዋት የተሰፋች መሆንዋ ይታወቃል። ማራቡ፣ ሰርፓን፣ ኤሮን የሚባሉት ከፍተኛ ቦታዎች ቀድሞ ማዕበል ሲሞላ በውሃ የሚከበቡ የኮራል ድንጋይ ደሴቶች ነበሩ፤ በድንጋይና በአፈር ድልድል እየተያያዙ ነው ከተማ የሆኑት። ከበስተኋላ የወደቡ ረጃጅም ክሬኖች ቆመዋል፤ ከፊት ተራቸውን የሚጠብቁ መርከቦች መልሕቃቸውን ጥለዋል። ልጁ አንዷን መርከብ እያሳየ «ያቺ ስንዴ ነው የያዘችው» አለ። እናቲቱ የጀልባዋን ጠርዝ በሁለት እጃቸው አንቀው ይዘው፣ «ለዚህ ሁሉ ስንዴ መንገድ ያገኘ፣ ለሰው እንዴት አጣ?» አሉ። ማንም አልመለሰላቸውም፤ የሞተሩም ጩኸት ለመልስ አይመችም ነበር።

ሙሻ ከከተማው ወደ 15 ኪሎ ሜትር ያህል ትርቃለች። ከአጠገቧ ማስካሊ የምትባል ትንሽ ደሴት አለች። ሁለቱም ተራራ የላቸውም። ደሴቶቹን የሠሯቸው ኮራል የተባሉ ጥቃቅን የባሕር እንስሳት ናቸው፤ እያንዳንዷ ነፍስ በዙሪያዋ የኖራ ድንጋይ ትገነባለች፣ ስትሞት ድንጋዩን ለተተኪዋ ትታ ትሄዳለች፤ በብዙ ሺህ ዓመታት ይህ የሙታን ቤት ከባሕር በላይ ከፍ ብሎ ምድር ይሆናል። ዳርቻው እንደ መጋዝ የሻከረ ነው። ማዕበል ከሥሩ ስለቦረቦረው ድንጋዩ እንደ ታዛ ወደ ውሃው ያዘነብላል፤ በባዶ እግር የሚረግጠው ወዮለት። በሌላ በኩል ግን ነጭ አሸዋ ያለበት የተረጋጋ ዳርቻ አለ፤ በስተውስጥም ሥራቸውን በጨው ውሃ ውስጥ ተክለው የሚኖሩ የማንግሮቭ ዛፎች ይገኛሉ። ሙሻ እ.ኤ.አ. በ1972 የተጠበቀ ፓርክ ተብላ ስትከለል፣ የማስካሊ ደቡባዊ ክፍል እ.ኤ.አ. በ1980 በጥብቅ ተከልሏል። እ.ኤ.አ. በ2004 የወጣው ሕግም ሁለቱን ደሴቶች በአገሪቱ ጥብቅ ቦታዎች ዝርዝር ውስጥ አስገብቷቸዋል።

እ.ኤ.አ. በ1840 የታጁራው ሱልጣን ሙሻን ለእንግሊዞች የሸጡላቸው በዐሥር ከረጢት ሩዝ እንደ ነበር ይተረካል። ደሴቲቱ ኋላ በፈረንሳዮች እጅ ገባች። ልጁ ይህን ሲያወጋ እናቲቱ ሩዙን በልባቸው የመዘኑት ይመስላል። «ለሰርግም አይበቃ» አሉ።

አሸዋው ላይ ምንጣፍ ተዘረጋ፤ ዳቦና ሻይ ወጣ። በየጥላው ከከተማ የመጡ ቤተሰቦች ይዝናኑ ነበር። እናቲቱ ሻዩን ሳይጠጡ ጀልባዋን ሲመለከቱ ቆዩና፣

«ወንድምህ የሄደው እንዲህ ባለችው ነው?» ሲሉ ጠየቁ።

«ከዚች ትበልጣለች እማዬ። ትልቅ ናት።»

እናቲቱ መልሱን እንዳልሰሙ ሁሉ ወደ ጎረቤታቸው ዞሩ። «እስቲ ባለጀልባውን ይጠይቁልኝ። ከዚህ የመን ምን ያህል ነው? የኛ ልጆችስ በምን ይሻገራሉ?»

ልጁ ለጎረቤቲቱ በዐይኑ ምልክት ሰጠ። እርሳቸው ግን ራሳቸውን ነቀነቁ። «እኔም የወለድሁ ነኝ፤ የእናትን ጥያቄ አላጣምምም» ብለው ለባለጀልባው ጥያቄውን እንዳለ አቀረቡለት። ሰውየው መረቡን መጠገኑን ሳያቋርጥ በአፋርኛ መለሰ። ጎረቤቲቱም አንድ ሳያስቀሩ ተረጐሙት። ጀልባዎቹ ከሙሻ እንደማይነሡ፣ ከኦቦክ በስተሰሜን ካሉት ጭር ያሉ ዳርቻዎች በሌሊት እንደሚነሡ ነገሯቸው። ባሕሩ በባብ ኤል መንደብ፣ ማለትም «የእንባ በር» በተባለው ጠባብ ላይ ስፋቱ ወደ 30 ኪሎ ሜትር ብቻ ስለሆነ ቀላል ይመስላል፤ ነገር ግን ነፋሱና የውሃው ግፊት ብርቱ ነው። አሻጋሪዎቹም ለጥቂት ሰው የተሠራችን ጀልባ እስክትዘቀዝቅ ይጭኗታል። እ.ኤ.አ. በጥር 2019 በጎዶሪያ አጠገብ ሁለት ጀልባዎች ተገልብጠው ከ50 በላይ ሰዎች አልቀዋል። ከዚያም በኋላ ባሉት ዓመታት እንዲሁ ያለ አደጋ ደጋግሞ ደርሷል።

ጸጥታ ሆነ። ልጁ አንገቱን ደፍቶ አሸዋውን በጣቱ ይቈፍር ጀመር። በመጨረሻ የተናገሩት እናቲቱ ናቸው።

«በግ ይጠብቃል አልኸኝ። እርሱ ገና በልጅነቱ በግ አስረክቤው ተኝቶ ያስበላ ልጅ ነው። ገንዘቡንም ያንተ እንደ ሆነ ዐውቀዋለሁ፤ የሚመጣው አንተ ደመወዝ በተቀበልህ ማግስት ነው።»

«እማዬ …»

«አንተ ልታሳርፈኝ ብለህ ዋሸኸኝ። እኔም ላሳርፍህ ብዬ ያመንሁ መሰልሁ። ሦስት ዓመት ሁለታችንም አላረፍንም።»

በዚህ መካከል ሕፃኒቱ መነጽር አድርጋ ውሃ ውስጥ ገብታ ነበር። ጭንቅላቷ ዝቅ ብሎ ጀርባዋ ብቻ ሲታያቸው እናቲቱ «ወዮ!» ብለው ከምንጣፉ ተነሥተው ሮጡ። እንደዚያ ሲሮጡ ልጃቸው ከሃያ ዓመት ወዲህ አይቷቸው አያውቅም። ጫማቸውን ሳያወልቁ እስከ ጉልበታቸው ገቡና ልጅቱን በክንዷ ጐትተው አወጧት። ሕፃኒቱ መነጽሩን ገፍታ «አያቴ፣ ዓሣ እያየሁ እኮ ነው!» አለች። እናቲቱ ከዚያው ከውሃው ውስጥ ቆመው ቀሩ። ውሃው ለብ ያለ ነበር። ከእግራቸው ሥር ቢጫ፣ ሰማያዊ፣ ዝንጕርጕር ዓሦች አንዴ ይሰበሰባሉ፣ አንዴ ይበተናሉ። ጎረቤቲቱም ቀሚሳቸውን ሰብስበው ገብተው አጠገባቸው ቆሙ።

«እንደ ባቲ ገበያ» አሉ እናቲቱ ቀስ ብለው።

ወደ ከተማው ሲመለሱ የጀልባዋን ጠርዝ የያዙት ባንድ እጃቸው ነበር። ማታ ግን ልጃቸውን፣ «አሁን ደግሞ ኦቦክን አሳየኝ» አሉት።

ወደ ኦቦክ በመርከብ በቀጥታ መሻገር ይቻላል። ልጁ ግን እናቱን በምድር ዙሪያውን ሊወስዳቸው መረጠ፤ ምናልባት አገሩን አይተው ቢደሰቱ ብሎ፣ ምናልባትም ኦቦክን አንድ ቀን እንኳ ለማዘግየት። ከሥራ ጓደኛው በተዋሳት መኪና ማልደው ተነሡ። ጎረቤቲቱም አብረዋቸው ነበሩ። የአርታን ከፍታ ወደ ቀኝ ትተው አለፉ። ከአርታ በታች ባለው ዳርቻ፣ ከኅዳር እስከ ጥር፣ ከዓሣዎች ሁሉ የሚበልጠው ነጠብጣባሙ ሻርክ ይመጣል፤ አፉ እንደ በር ቢሰፋም የሚበላው በውሃው ላይ የሚንሳፈፉ ደቃቅ ነፍሳትን ስለሆነ ሰው አይጐዳም። ከዚያ ወዲያ ምድሩ ይለወጣል። ሣርም ዛፍም ይቀርና የቀለጠ ድንጋይ ቀዝቅዞ የቀረበት ጥቁር አገር ይመጣል። ጉቤት ከሚባለው የባሕር ጕረሮ መካከል፣ አፋሮች የሰይጣን መኖሪያ ነው የሚሏት፣ ሾጣጣ የእሳተ ገሞራ ደሴት ብቻዋን ቆማለች። ከዚያም ከባሕር ወለል በታች 155 ሜትር ዝቅ ብሎ፣ በአፍሪካ ምድር የመጨረሻው ዝቅተኛ ቦታ፣ ዳሩ በጨው የነጣው የአሳል ሐይቅ ይታያል። ከዚህ ሐይቅ ጨው የጫኑ የአፋር ግመሎች ለብዙ ዘመን ወደ ደጋው ሲወጡ ኖረዋል። እናቲቱ በጣታቸው ቈንጥረው ቀመሱና፣ «ይኸንስ ዐውቀዋለሁ» አሉ።

ሰዎቹን ያዩት ከሐይቁ ካለፉ በኋላ ነው። መጀመሪያ ከሩቅ የድንጋይ ክምር መስለው ነበር። ሲቀርቡ ግን በመንገዱ ዳር በነጠላ ሰልፍ የሚሄዱ ወጣቶች ሆኑ፤ አሥራ አራት ያህላሉ። በእጃቸው ቢጫ የውሃ ጀሪካን እንጂ ሌላ ጓዝ የለም። ጫማቸው ነጠላ ጫማ ነው፤ ሁለቱ እርሱም የላቸውም።

«አቁም» አሉ እናቲቱ።

ልጁ መኪናዋን አቆመ። ማሳፈር ግን አልደፈረም፤ በሕገ ወጥ አሻጋሪነት መጠየቅ አለና። እናቲቱም ይህን አልጠየቁትም። ለመንገድ የተያዘውን ውሃና ዳቦ ሁሉ አውርደው በእጃቸው አደሉ። ጎረቤቲቱም ቴምራቸውን አስከተሉ። ወጣቶቹ ሲያመሰግኑ ከመካከላቸው የአንዱ አነጋገር እናቲቱን አስደነገጣቸው፤ የራሳቸው አገር አነጋገር ነበር። ከንፈሩ በፀሐይ የተሰነጠቀ፣ ጢም ያላበቀለ ልጅ ነው።

«የማን ልጅ ነህ?» አሉት። በዚያ በረሃ ላይ የወሎ ባላገር ጥያቄ ጠየቁት።

ልጁ የአባቱን ስም ነገራቸው፤ አላወቋቸውም። «እናትህስ ታውቃለች?»

«ስደርስ እደውልላታለሁ።»

እናቲቱ ይህን ቃል እንደ ሰሙ ወደ ልጃቸው ዘወር አሉ። «ቁጥርህን ጻፍለት» አሉት። በወረቀት ተጻፈለት። ወረቀት ይጠፋል ብለው ደግሞ፣ ልጁ ቁጥሩን በቃሉ እስኪይዝ ድረስ ሦስት ጊዜ አስደገሙት። «ስትደርስ ደውል። ካልሄድህም ደውል። ብትመለስ ደግሞ ይኸ ልጄ ካርቲየ 7 ቢስ ነው ያለው፤ ብለህ ጠይቅ» አሉት። «ተመለስ» አላሉትም። ሊሉት አፋቸውን ሲከፍቱ ጎረቤቲቱ አይተዋል፤ ቃሉ ግን አልወጣም። ምናልባት ለራሳቸው ልጅ በጊዜው ያልተናገሩትን ለሰው ልጅ ለመናገር አፍረው ይሆናል።

ታጁራ ሲገቡ ፀሐይ ልትጠልቅ ተቃርባ ነበር። ነጫጭ ቤቶቿ ከተራራው ሥር በባሕሩ ዳር ተደርድረዋል፤ ሰባት መስጊዶች እንዳሏት ይነገርላታል። ወደ ሸዋ የሚወጣው የሲራራ ነጋዴ ጕዞ የሚነሣው ከዚህ ነበር። ፈረንሳዊው ባለቅኔ አርቱር ራምቦ እንኳ ለሸዋው ንጉሥ ለምኒልክ ሊሸጥ ያመጣውን ጠመንጃ ይዞ፣ ከእ.ኤ.አ. 1885 መጨረሻ ጀምሮ ወደ አንድ ዓመት ገደማ እዚሁ ግመል ሲጠብቅ ከርሟል። ወደ ላይ ጠመንጃና ጨርቅ ሲወጣ ወደ ታች ከሚወርደው መካከል ባሪያ ተብለው የሚሸጡ የደጋ ልጆች ነበሩበት። ይህን ታሪክ የከተማይቱ ውበት አይሸፍነውም።

በማግስቱ ጠዋት፣ መኪናዋ እያቃሰተች፣ ከታጁራ በላይ ወዳለው የጎዳ ተራራ ወጡ። ከባሕር ወለል በላይ ወደ 1,500 ሜትር ላይ የዳይ ደን አለ። ይህን ያዩ ጊዜ እናቲቱ ከመኪናው ወርደው ወደ አንዱ ዛፍ ቀረቡና ቅጠሉን በመዳፋቸው አሽተው አሸተቱት። የሐበሻ ጥድ ነው፤ በእርሳቸው አገር ከየቤተ እምነቱ ቅጥር የማይጠፋው ያው ጥድ። ከዝናብ ማነስ፣ ከከብት ብዛትና ከእንጨት ቈረጣ የተነሣ ግን ብዙው ቆሞ ደርቋል። በዓለም ላይ ከጎዳና ከማብላ ተራሮች በቀር የትም የማይገኘው የጅቡቲ ቆቅም የሚኖረው በዚሁ እያነሰ በሚሄደው ጥድ ሥር ነው። ሕፃኒቱ ቆቋን ለማየት ብዙ ብትፈልግም ድምፅዋን እንኳ አልሰማችም።

ኦቦክ ትንሽ ከተማ ናት። እ.ኤ.አ. በ1862 ፈረንሳዮች ከአፋር ሱልጣኖች በ10,000 የማርያ ቴሬዛ ብር የገዟት፣ ኋላም መናገሻቸውን ወደ ጅቡቲ ሲያዛውሩ የተዋት ከተማ ናት። ዛሬ የዓለም ሁለት አቅጣጫ በእርሷ ላይ ይገናኛል። እ.ኤ.አ. በ2015 በየመን ጦርነት ሲበረታ፣ ከወዲያ ማዶ የሸሹ የመኖች ወደዚህ ተሻገሩ፤ ማርካዚ በተባለው ሰፈር ተጠለሉ። ከወዲህ ደግሞ የኢትዮጵያ ወጣቶች ወደዚያው ጦርነት ወዳለበት አገር ለመሻገር ሌሊት ይጠብቃሉ። አንዱ ከሸሸበት ሌላው ሊገባ ይከፍላል።

ልጁ ስደተኞችን ወደሚረዳ አንድ ጽሕፈት ቤት እናቱን ይዞ ገባ። የታናሹን ስም፣ ዕድሜና የሄደበትን ወር አስመዘገቡ። ጸሐፊው በትሕትና መዘገበ፤ ተስፋ ግን አልሰጣቸውም። ከሰዓት በኋላ በባሕሩ ዳር አንዲት የመን ሴት ከምታፈላው ሻይ ገዝተው ተቀመጡ። እናቲቱ ዐረብኛ የሚያውቁት የጸሎቱን ያህል ነው። «ሰላሙ ዓለይኩም» አሉ፤ ሴቲቱ መለሰች። ከዚያ ወዲያ ሁለቱም ባሕሩን ይመለከቱ ነበር። እያንዳንዷ የምትመለከተው የሌላይቱን መንገድ ነው።

ጎረቤቲቱ በጣታቸው ወደ ሰሜን አመለከቱ። «ከዚህ አይታይም እንጂ፣ ወደዚያ በእንባ በር ላይ ሰባቱ ወንድማማቾች የሚባሉ ደሴቶች አሉ። ሾህ የመሰለ ድንጋይ ናቸው፤ ሰው አይኖርባቸውም።»

«ሰባቱም አሉ?» ጠየቁ እናቲቱ።

«በባሕሩ ውስጥ ያሉት ስድስት ናቸው። ሰባተኛው ራስ ሲያን ይባላል፤ እርሱ በአሸዋ ከምድር ጋር ተያይዞ ቀርቷል። ግን ከነሱው ጋር ይቈጠራል።»

እናቲቱ ይህን ሰምተው ብዙ ጊዜ ዝም አሉ። ከዚያ ተነሥተው ከጎረቤታቸው ጋር ፊታቸውን ወደ ባሕሩ መልሰው እጃቸውን ዘርግተው ዱዓ አደረጉ። የሙት ዱዓ ይሁን የመንገደኛ፣ ልጁ ሊጠይቃቸው አልደፈረም።

ወደ ጅቡቲ የተመለሱት በመርከብ ነው። ጕዞው ወደ ሦስት ሰዓት ይወስዳል። መኪኖች፣ ፍየሎችና ሰዎች በአንድ ወለል ላይ ተጭነዋል። ሕፃኒቱ በአያቷ ጭን ላይ ተኝታለች። የከተማው መብራት ከሩቅ መታየት ሲጀምር ልጁ ጕሮሮውን ጠርጎ፣ ከመጡ ጀምሮ ሲጠብቀው የነበረውን ነገር ራሱ አነሣው።

«እማዬ፣ ስለ መሬቱ አስቤበታለሁ። ከተፈለገ ከክረምቱ በፊት ሥራዬን ለቅቄ …»

«አይሆንም» አሉ እናቲቱ። «መሬቱን ለእኩል አራሽ እሰጠዋለሁ። አንተ እዚሁ ሁን።»

ልጁ ያልሰማ መስሎ ተመለከታቸው።

«ስልክህን ብቻ እንዳትቀይር» አሉት፤ «ያን ቁጥር አሁን ሁለት ልጆች ይዘውታል።»